ሐጂ ከድር ያልጻፉት ሰው አይሞትም

በ2007 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ላይ፣ ጁባ ውስጥ፣ ዘነበች ለምትባል ምግብ ቤት ላላት ሴት የግራ ጡቷ እብጠት ካንሰር መሆኑ ተነገራት። የነገራት ሐኪም አዲስ አበባ ሄዳ እንድትታከም መከራት። እሷ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው። «እስከ ዛሬ ከላክሃቸው ውስጥ ስንቱ በሕይወት አለ?» ሐኪሙ መልስ አልነበረውም።

የሆነው ይኸው ነው። የቀረው ይህን መልስ ፍለጋ የሄድንበት መንገድ ነው። መንገዱም የጁባን መንገድ ይመስላል፤ አንዱን ጉድጓድ አየሁት ብላችሁ ስታልፉ ሌላው ውስጥ ትገኛላችሁ።

«ከመሞት መሰንበት» ይላል ሰዋችን። እኔም እስማማለሁ። ግን ስንት መሰንበት? አንድ ክረምት? ሁለት ፋሲካ? ልጅ እስኪያገባ? ተረቱን የተረተው ሰው ቁጥሩን ሳይነግረን ሄደ። እኛም አልጠየቅነውም፤ ስለ በሽተኛ ቁጥር መጠየቅ በእኛ ዘንድ እንደ ማሟረት ይቆጠራላ። የታመመ ሰው እንዴት ነው ሲባል «ትንሽ ተሽሎታል» ነው መልሱ። ትናንትም ትንሽ ተሽሎት ነበር፤ ዛሬም ትንሽ ተሽሎታል። ያ ሁሉ ትንሽ ተጠራቅሞ ሰውየው ለምን ከአልጋው እንደማይነሣ የሚጠይቅ የለም።

እኔ በሥራዬ ዜና ጸሐፊ ነኝ። ብዙ ዓመት ስለሠራሁበት ስሜትን ከቁጥር በኋላ ማሰለፍ ለምጃለሁ። በታኅሣሥ 2006 ጁባ ውስጥ ተኩስ በተነሣ ጊዜ ስንት ሰው ሞተ ብዬ ያልጠየቅሁት ሰው አልነበረም። ሁሉም ቁጥር ነበረው። የስም ዝርዝር የነበረው ግን አንድም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ዝርዝር የሌለው ቁጥር ሲነግሩኝ አመስግኜ ብዕሬን ወደ ኪሴ እመልሳለሁ። ይህን የምነግራችሁ ልመካባችሁ ብዬ አይደለም። በኋላ የሠራሁትን ስህተት ስትሰሙ ከሰነፍ ሰው እንዳልመጣ እንድታውቁልኝ ነው።

ዘነበች ወደ ወንዙ ወደብ በሚወስደው መንገድ ዳር ምግብ ቤት ነበራት። ከጀልባ ጭነት የሚያወርዱ ወዛደሮች፣ የእኛ አገር ሾፌሮች፣ የቢሮ ሰዎች፣ ሁሉም ጥብሷን ያውቁታል። ባል ነበራት፤ ቀበረችው። ልጅ የላትም። ጁባ ውስጥ ዘመድ የምትለው ሰው የላትም፤ ሆኖም ኀዘን የገባበት ቤት ሁሉ ከአልቃሽ ቀድማ የምትገኘው እሷ ናት፣ ያውም ትልቅ ድስት አሸክማ። ምርመራዋን በነገረችኝ ቀን ጠረጴዛ እየወለወለች ነበር።

«አልሄድም» አለችኝ።

«ለምን?»

«አዲስ አበባ የሄደ በሽተኛ ተመልሶ እዚህ ወንበር ላይ ሲቀመጥ አይተህ ታውቃለህ?» መወልወያውን ወደ ወንበሩ ወረወረችው። «እኔ አላየሁም። ወንበሩ የእኔ ነው፤ ተቀምጦ ቢሆን አውቅ ነበር። እዚያ ሄጄ የሰው ደጅ ወድቄ ከምሞት እዚሁ ድስቴን እያማሰልኩ ልሙት።»

«ዶክተሩ እኮ ይህ በሽታ ቶሎ ከተደረሰበት...»

«ዶክተሩ ስንቱ እንዳለ አያውቅም። ያወቃችሁ ቀን ኑና ንገሩኝ።»

ዶክተሩ ኦጁሉ ይባላል። ወላጆቹ በስደት ጋምቤላ ገብተው እዚያ ያሳደጉት፣ ጅማ የተማረ፣ አገሩ ነፃ በወጣች ማግስት ሻንጣውን ይዞ ወደ ጁባ የመጣ ወጣት ደቡብ ሱዳናዊ ነው። መድኃኒት በእንግሊዝኛ ያዛል፣ ቦዳቦዳ ከሚሉት የሞተር ታክሲ ነጂ ጋር በአረብኛ ይጣላል፣ ምክር በአማርኛ ይሰጣል። በሚሠራበት ክሊኒክ ካንሰር ያገኘባቸውን ሰዎች ሁሉ የሚጽፍበት ደብተር አለው። ስም፣ ዕድሜ፣ በሽታው ያለበት ቦታ፣ ወደ ሌላ አገር የላከበት ቀን። ከዚያ በኋላ ያለው ዓምድ ባዶ ነው።

«ጋሼ» አለኝ ደብተሩን እያሳየኝ፣ «እኔ ሐኪም አይደለሁም። አውቶቡስ ተራ ቆሜ የምጮህ ሰው ነኝ። ‹አዲስ አበባ! አዲስ አበባ! አንድ ሰው የቀረው!› ብዬ አሳፍራለሁ። ይድረሱ አይድረሱ አላውቅም።»

በሌላ አገር ነገሩ እንዴት እንደሆነ የነገረኝ እሱ ነው። እዚያ ሰው ሲወለድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩም የሕዝብ መዝገብ የሚባል ነገር ላይ ይሰፍራል። ቤት ቢቀይር ይጻፋል፣ ቢሞት በሞተበት ቀን ይጻፋል። የካንሰር ሐኪሞች የሕመምተኞቻቸውን ዝርዝር ከዚያ መዝገብ ጋር አገናኝተው ያዩታል። የማንንም በር ሳያንኳኩ፣ የማንንም እናት ሳያስለቅሱ፣ ከታመመ በኋላ ማን አንድ ዓመት እንደቆየ፣ ማን አምስት እንደደፈነ ያውቃሉ። የሚቀጥለው በሽተኛ መጥቶ «ስንቱ አለ?» ሲል መልስ አላቸው።

«እዚህ ግን ማፊ» አለ ኦጁሉ። ማፊ ማለት የለም ማለት ነው፤ ጁባ የደረሰ ሰው መጀመሪያ የሚማራት ቃል ናት።

«ለእናንተ ማፊ» አልኩት። «ለእኛ አለ። ኮንዮ ኮንዮ ገበያ፣ ከማካሮኒው ካርቶን ጀርባ።»

ሐጂ ከድር ኮንዮ ኮንዮ ውስጥ የጅምላ ሱቅ አላቸው፤ የኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበራችንም ጸሐፊ ናቸው። በታኅሣሡ ተኩስ ሰሞን አንዲት እናት ከወልቂጤ ደውለው «ልጄ አለ ወይ?» ብለው ጠየቋቸው። ማን በአውሮፕላን እንደወጣ፣ ማን እንደቀረ፣ ማን የት እንደተደበቀ የሚያውቅ አልነበረምና «አላውቅም» ከማለት ሌላ ምርጫ አጡ። ያቺ ቃል አንገበገበቻቸው። መንገድ በተከፈተ በሳምንቱ ባለ ቀይ ጀርባ ትልቅ መዝገብ ገዝተው እስላም ክርስቲያኑን፣ ሀብታም ድኻውን፣ ጁባ ያለውን የአገራቸውን ሰው ሁሉ መጻፍ ጀመሩ። የቀደሙትንም ከየወረቀቱ እየለቀሙ ገለበጧቸው። ስም ከነአባት፣ ከየት እንደመጣ፣ የት እንደሚኖር። ከዚያ «ተጠሪ» የሚል ዓምድ አለ፤ አንድ ነገር ቢሆን እዚህ ጁባ ውስጥ ለማን እንደሚነገር ማለት ነው። መጨረሻ ላይ «ሁኔታ» ይላል። ከጁባ ጠቅልሎ የወጣ ሰው «ወጥቷል» ይባልበታል፣ የሞተ ቀን ይጻፍበታል። ይኸው የሕዝብ መዝገብ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ።

አንድ እሑድ ሁለቱን መዛግብት ልናገናኝ በርጩማ ላይ ተቀመጥን።

«መሐመድ አሕመድ» አለ ኦጁሉ ከደብተሩ።

«የትኛው?» አሉ ሐጂ። «የዘይቱ፣ የጫማው፣ ወይስ ባለ አይሱዙው?»

«እኔ ጋ የጉሮሮ ነው የሚለው።»

«የጉሮሮ ነጋዴ እኛ ጋ የለም፣ ዶክተርዬ።»

ችግሩ ይህ ነበር። ሐጂ ሰውን በሚሸጠው ያውቁታል፣ ኦጁሉ በሚያመው። «ትዕግሥት፣ ማሕፀን» ሲል ሐጂ በልባቸው አስተግፍሩላህ ብለው «የውበት ሳሎኗ ትሆን?» ይላሉ። በመሐል አንዱ ደንበኛ አንገቱን ያስገባና «ሱካር ፊ?» ይላል፤ ስኳር አለ ወይ ነው። «ፊ! ቆይ!» ይሉታል ሐጂ፣ ግማሹን በእሱ ቋንቋ፣ ግማሹን በራሳቸው። ሲመሽ ሃያ ሁለት ኢትዮጵያውያን ሕመምተኞችን ከመዝገቡ አገኘናቸው። «ወጥቷል» የተባሉትን፣ ስለማይታወቁ፣ ተውናቸው። የሞት ቀን የተጻፈላቸውን ቆጠርን። ምንም ያልተጻፈላቸውን በሕይወት አሉ አልን።

ቤቴ ገብቼ በንጹሕ ወረቀት ሣልኩት። አሣሣሉን ያስተማረኝ ኦጁሉ ነው፤ መስመር ትጀምራለህ፣ ሰው በሞተ ቁጥር አንድ ደረጃ ታወርደዋለህ። ደረጃው አጭር ሆኖ ከላይ ከቆየ ብዙ ሰው ሰንብቷል ማለት ነው። የእኛ መስመር ደስ የሚል መስመር ነበር፤ ለሽማግሌ ጉልበት የሚመች ደረጃ። ከየሦስቱ ሁለቱ የመጀመሪያውን ዓመት አልፈውታል።

ለዘነበች ወሰድኩላት። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወረቀቱን ተቀበለችና ስሞቹን በጣቷ ተከተለች። አንዱ ላይ ቆመች።

«ደመቀ... ሐምሌ አሥራ ሁለት» አለች።

«ሐምሌ አሥራ ሁለት፣ 2006። ከሄደ አንድ ዓመት ከአራት ወር ኖሯል» አልኳት፣ እኔ ራሴ ያኖርኩት ይመስል።

«ዝናብ ነበር» አለች። ወረቀቱን እስከ ነገ እንድተውላት ጠየቀችኝ።

በማግሥቱ ስመለስ ከየስሙ ጎን በእርሳስ ትንንሽ ጭረት ተጭሮበታል። ሰው ሲያስብ እጁ ሥራ ይፈልጋል ብዬ ነገሬም አላልኩት።

«እሄዳለሁ» አለችኝ።

መጋቢት ላይ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘኋት። እውነቱን ልናገርና ስመለስ ፉጨት ሁሉ ሞክሮኝ ነበር። በሥራ ዘመኔ ብዙ ቁጥር ጽፌያለሁ፤ አንድን ሰው ከወንበር አስነሥቶ ወደ መዳኛው ሲልክ ያየሁት ግን ያንን ብቻ ነው።

ሰኔ ላይ ሐጂ ደወሉልኝ። ነገ ማለዳ ታደሰ ለሚባል የአናጢ ሱቅ ለነበረው ሰው ባለቤት መርዶ ሊነገር ስለሆነ ከሽማግሌዎቹ ጋር እንድቆም ነው። ታደሰ ከሃያ ሁለቱ አንዱ ነበር። በእኔ ወረቀት ላይ በሕይወት አለ።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። በስልክ አይነገርም። ቀን ይመረጣል፣ ሰው ይመረጣል፣ ጎሕ ሲቀድ ይኬዳል። በዚያ ሰዓት ሦስት ሽማግሌ በሩ ላይ የቆመበት ሰው ማንም አፉን ሳይከፍት ይገባዋል። የታደሰ ባለቤት የአምስት ሳምንት ሕፃን ታቅፋ ወጣች። አየችን። ሕፃኑን አጠገቧ ለነበርኩት ለእኔ አቀበለችኝ፤ ከዚያ ጮኸች። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም።

ረፋድ ላይ ሐጂ ሱቅ ገባን። መዝገቡን አውርደው ከታደሰ ስም ጎን የዕለቱን ቀን በዚያ በሚያምር እጃቸው ጻፉ።

«ሐጂ፣ መቼ ነው የሞተው?» አልኳቸው።

«አርባው ወጥቷል። ልትወልድ ደርሳ እንዴት ይነገራታል? ከዚያ ደግሞ አራስ ሆነች።»

«የጻፉት የዛሬን ቀን ነው እኮ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እዚያ የሞተው ያኔ ነው። እዚህ የሞተው ዛሬ ነው። ትናንት ሚስቱ ‹ሲመጣ ይለብሰዋል› ብላ ሸሚዙን ስትተኩስ ነበር። የሚጠበቅ ሰው ሞተ ተብሎ ይጻፋል?»

«ሁሉንም እንዲህ ነው የጻፉት?»

«ታዲያ እንዴት ልጽፍ ነው?»

«ተጠሪ የሌለው ሰው ሲሞትስ?»

«ለማን ይነገራል?»

«ምን ይጻፋል ታዲያ?»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ምንም» አሉ።

ስኳር ከረጢት ላይ ተቀመጥኩ። በሐጂ መዝገብ ሰው የሚሞተው የሚያለቅስለት ሰው የሰማ ዕለት ነው። የሚያለቅስለት ከሌለው ጭራሽ አይሞትም። ያ ከላይ ከላይ ሲሄድ ደስ ያሰኘኝ መስመር የለካው ሕመምተኞቻችን የሰነበቱትን ዘመን ሳይሆን የሽማግሌዎቻችንን ርኅራኄ ርዝመት ነበር። ርኅራኄያችን ደግሞ፣ አላህ ይስጣቸውና፣ ረጅም ነው።

ከኦጁሉ ጋር ክረምቱን ሙሉ ስልክ ስንደውል ከረምን። አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ሆሳዕና፣ መቀሌ። «ቀኑን ብቻ ንገሩን» ነው ጥያቄያችን። ደመቀ ሐምሌ አልሞተም፤ ኅዳር ላይ ነው ያረፈው፣ ተኩሱ ከመነሣቱ በፊት። ጁባ የነበረች እህቱ ከዚያ ሁሉ ድንጋጤ እስክትወጣ ተብሎ ስምንት ወር ተደብቆላታል። ሌሎቹም እንዲሁ። ምንም ካልተጻፈላቸው ዘጠኙ ውስጥ አራቱ ለማንም መርዶ ሳይነገርላቸው ተቀብረዋል። እነዚያን በሕይወት አሉ ማለታችን ላም አለኝ በሰማይ ነበር። መስመሩን እንደገና ስሥለው ደረጃ አልነበረም፤ ገደል ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት ያለፈው ከየሦስቱ አንዱ ነው።

«እነዚህስ ስልክ የሚያነሣላቸው ሰው አላቸው» አለኝ ኦጁሉ የደብተሩን ሌላኛውን ግማሽ እየገለጠ። የራሱ አገር ሰዎች ስም ነው። ተፈናቅለው ማንጋቴን የሚባለው የጁባ መጠለያ የሰፈሩ፣ ከዚያም የት እንደሄዱ የማይታወቁ። ገልጦ ገልጦ ዘጋው። መዝገባችን ቢዋሽም መዝገብ ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን በእኔ ወረቀት ተማምና የሄደች አንዲት ሴት አለች፣ ዘነበች። እውነቱን ልነግራት ይገባል ብዬ ነሐሴ ላይ አንድ ቅዳሜ ደወልኩ። ስልኩን እህቷ አነሣች። «ደህና ናት፣ ተኝታለች።» በሚቀጥለው ቅዳሜ ደወልኩ። «ደህና ናት፣ ተኝታለች።» በሦስተኛው ቅዳሜ «ደህና ናት» ስትል ድምፅዋ ቀጠን ያለ መሰለኝ። ሐጂን ጠየቅኋቸው። «ደህና ናት አሉ» አሉኝና ሱካር ለሚፈልግ ሰው ዞሩ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ያን ክረምት «ደህና ነው፣ ተኝቷል» የተባለለት ሰው ሁሉ ሞቶ ስለነበር አርባውን አስልቼለታለሁ። ያም ሆኖ በግምት አልሄድም ብዬ ኦጁሉ አዲስ አበባ የሚያውቀውን ሐኪም እንዲጠይቅ አደረግሁ። መልሱ መጣ። ዘነበች ለሕክምናው ቀጠሮዋ አልቀረበችም። ይህ ስሜት አይደለም፤ ከሆስፒታል የመጣ መረጃ ነው።

ኦጁሉ «እንዲህ ባለ ነገር ላይ ቀን አልጽፍም» ብሎ ደብተሩን ዘጋ። ወጣት ነው፣ ልቡ ይራራል ብዬ ተውኩት። በራሴ ቅጂ ላይ ግን ጻፍኩ። ዘነበች፣ ነሐሴ 2007። በእርሳስ አይደለም፣ በብዕር። መስመሩንም አንድ ደረጃ አወረድኩት። መደወል አቆምኩ። በወደቡ መንገድ ማለፍም አቆምኩ። ቁጥር የሚያምን ሰው ቁጥሩ ሲያጠፋ የሚሸሽበት ቦታ የለውም፤ እኔ እንኳ መንገድ ብቻ ነው የቀየርኩት።

ታኅሣሥ 2008 ገባ። አንድ ረፋድ ከኦጁሉ ጋር ሐጂ ሱቅ ተቀምጠን ወረቀቶቹን እያመሳከርን ሳለ ቦዳቦዳ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ከኋላው የወረደችው ሴት ራሷን በሻሽ አስራለች፣ የግራ ክንዷ ወፈር ብሏል። ነጂውን በዋጋ ተከራክራ አሸነፈችውና ዞረች።

«ኬፍ፣ እንዴት ነህ ጋዜጠኛው? ሰው አይጠየቅም?»

ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ተነሡ። ኦጁሉ ሳቀ። እኔ ወረቀቱን ልደብቅ ሞከርኩ፤ ዘነበች ግን ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ሳይከፍል የሚወጣ ሰው ስትይዝ የኖረች ናት። ነጥቃኝ አነበበችው። ጣቷን ስሟ ላይ አድርጋ እስከ ቀኑ ድረስ አሳለፈችው።

«ሐጂ የሞተውን ያኖራሉ» አለች። «አንተ ደግሞ ሳልሞት ትቀብረኛለህ። ከሁለታችሁ መሐል እኛ በሽተኞች የት እንግባ?»

«ሦስት ቅዳሜ ተኝታለች አሉኝ!»

«ተኝቼ ነበር! መድኃኒቱ እንደ ድንጋይ ይጥላል።»

«ቀጠሮሽንስ?»

«ደሜ አነሰና ሐኪሞቹ ራሳቸው ‹አገግሚና ተመለሺ› ብለው አራዘሙት። እህቴ ደብረ ብርሃን ወሰደችኝ። ቀጠሮ መዝገቡ ላይ ያለችው ልጅ አልጻፈችው ይሆናል። አራተኛውን ቅዳሜ ብትደውል እኔው ነበርኩ የማነሣው።»

አራተኛውን ቅዳሜ አልደወልኩም። ይህን ለጋዜጠኛ ልጆች አትንገሩብኝ።

የቀረውን መናዘዝ ነበረብኝና ተናዘዝኩ። ያኔ ያሳየኋት ወረቀት ውሸት እንደነበረ፣ ቀኖቹ የመርዶ ቀኖች እንደሆኑ፣ ደመቀ ሐምሌ እንዳልሞተ ነገርኳት። በትዕግሥት ሰማችኝ።

«ለደመቀ እህት መርዶውን ማን የነገራት ይመስልሃል?» አለች። «ዝናብ ነበር አላልኩህም? በዚያ ዝናብ ይዣት የተቀመጥኩ እኔ ነኝ። ኅዳር እንደሞተ ያኔም አውቅ ነበር።»

«ታዲያ እያወቅሽ ለምን ሄድሽ?»

የድሮውን ወረቀት ጠየቀችኝ። አወጣሁላት። በእርሳስ የጫረችው አሁንም ከየስሙ ጎን አለ።

«ይኸ ወር ነው። እያንዳንዱ ጭረት አንድ ወር። ደመቀ ሆዱን እያመመው አሥራ አንድ ወር ደብቆ ነው የሄደው፤ ምግብ ሲመልስልኝ የማውቀው እኔ ነኝ። ታደሰ ዘጠኝ። ይቺ የውበት ሳሎኗ አንድ ዓመት ሙሉ። የማላውቃቸውን ተውኳቸው።» ጣቷ ወደ ግርጌው ወረደ፣ «ወጥቷል» ብለን ወደ ተውናቸው። «ሃዋን ለምን አልቆጠራችኋትም? ሁለት ጭረት። እብጠቱን ባገኘች በሁለት ወሯ ሄደች። ጅማ ሱቅ ከፍታለች፤ እየደወለች ታበሽቀኛለች። የእኔ ሦስት ጭረት ነበር።» ወረቀቱን መለሰችልኝ። «አንተ የሞቱበትን ቆጠርክ። እኔ የሄዱበትን ቆጠርኩ።»

ኦጁሉ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደው። እስከ አሁን አልመለሰልኝም። ደብተሩ ላይ «እብጠቱ ከታወቀ ስንት ወር» የሚል አዲስ ዓምድ እንደጨመረ አውቃለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማን አድገን፣ ስንት ወር እንደተደበቀ ለመጠየቅ ግን ምግብ ቤት ያላት ሴት አስፈለገችን።

ፈውሷን አላወራችልንም። ከሦስት ወር በኋላ ለምርመራ መመለስ አለባት፤ ሐኪሞቹም ቃል አልገቡላትም። ምግብ ቤቷን ልታይ ሄደች። ወንበሯ ላይ ልትቀመጥ።

ሐጂ መዝገቡን አወረዱ። ከስህተቴ የተማሩት እሳቸው ናቸው፤ ከ«ሁኔታ» ጎን «የታየበት ቀን» ብለው አንድ መስመር አስምረው የዕለቱን ቀን ጻፉላት። ከትከሻቸው በላይ ሳነብ ዓይኔ «ተጠሪ» የሚለው ዓምድ ላይ ወደቀ። ዘነበች ጁባ ውስጥ ዘመድ ስለሌላት ባዶ ይሆናል ብዬ ነበር። ባዶ አልነበረም። የእኔ ስም ከነአባቴ ተጽፎበታል።

«መቼ ነው ይኸ?» አልኳቸው።

«መጋቢት ላይ፣ ልትሳፈር ስትል መጥታ ያስጻፈችው ነው» አሉ ሐጂ ብዕራቸውን እየከደኑ። «‹ለእሱ ንገሩት› አለች። ‹ቀኑን ሳይጠይቅ አያለቅስም፤ ትክክለኛው ይጻፍልኛል።›»